ክርክር፦ ለአሮጌ ቺፕ 5 ቢሊዮን ዩሮ?

መነሻ ጥያቄ፦ የጀርመን መንግሥት በምሥራቅ ጀርመኗ ከተማ ድሬስደን ውስጥ ለሚገነባው የቺፕ ፋብሪካ 5 ቢሊዮን ዩሮ ድጎማ ፈቅዷል። ከድርሻው 70 በመቶው የታይዋኑ ቺፕ አምራች የቲኤስኤምሲ ነው፤ ቺፑን የሚፈልጉት የአውሮፓ ኩባንያዎች ቦሽ፣ ኢንፊኒዮንና ኤንኤክስፒ አሥር አሥር በመቶ አላቸው። የሚመረተው ግን የ28/22 እና የ16/12 ናኖሜትር ቺፕ ነው፤ ቁጥሩ የቺፑን ትውልድ ይጠራል፣ ባነሰ ቁጥር ቺፑ አዲስ ነው። ድጎማው ይገባ ነበር?

ግብር ከፋይ፦ አይገባም። ቲኤስኤምሲ ባለ28 ናኖሜትሩን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ይህ ፋብሪካ ሥራ ይጀምራል የተባለው በ2027 መጨረሻ ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ጣሪያ እያፈሰሰ፣ የ16 ዓመት ቴክኖሎጂ በእኔ ግብር ይገዛል?

መካኒክ፦ እህቴ፣ በ2021 አንዲት መኪና ጋራዣችን ግቢ ውስጥ ሁለት ወር ቆማለች። የፍሬን መቆጣጠሪያዋን ስከፍተው የተቃጠለው ከአውራ ጣት ጥፍር ያነሰ ጥቁር ቁራጭ ነበር፤ ምትኩ በገበያ ጠፋ። በዚያ ዓመት የመኪና ፋብሪካዎችንም ሥራ ያስፈታው በአብዛኛው ይኸው አሮጌ የሚባለው ቺፕ ነው።

መሐንዲስ፦ ባለ28ቱ ትራንዚስተሩ (በቺፑ ውስጥ ያለው ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ) ጠፍጣፋ ከሆነባቸው ትውልዶች የመጨረሻው ትልቁ ነው። እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ንድፍ በአንድ የብርሃን ምት ማተም ይቻል ነበር። ከዚያ በታች ሲወረድ አንዱን ንድፍ ከፋፍሎ ደጋግሞ ማተም ግድ ሆነ፤ ወጪውም ናረ። ሙቀትና ንዝረት ለሚበዛበት መኪና ዋጋው የማይጎዳና የተፈተነ ቺፕ ይሻላል።

የታሪክ አንባቢ፦ ድሬስደን ይህን አይታለች። በ1988 የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ብዙ ገንዘብ አፍስሶ የሠራውን ባለ1 ሜጋቢት የማስታወሻ ቺፕ ለአገሪቱ መሪ ለሆኔከር አቀረበ። በዓመቱ የበርሊን ግንብ ፈረሰ፤ ቺፑም ገበያ ላይ ሳይደርስ ቀረ። መንግሥት ቺፕ ሲመርጥ እፈራለሁ።

መሐንዲስ፦ ያኔ የተፈለገው የዓለምን ግንባር ቀደሞች መድረስ ነበር። ድሬስደን ላይ ግን ገዢዎቹ ራሳቸው ባለድርሻ ናቸው። አዲሱን ትውልድ ያሳደደችው ሌላዋ የጀርመን ከተማ ማግደቡርግ ናት፤ እዚያ ለአሜሪካው ቺፕ አምራች ኢንቴል ወደ 10 ቢሊዮን ዩሮ ተመድቦ ሳለ ኩባንያው በ2025 ዕቅዱን ሰረዘ።

ግብር ከፋይ፦ የማግደቡርጉን እቀበላለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቻይና ነው፤ እነዚህኑ ቺፖች በገፍ እያመረተች ነው። ዋጋው ሲወድቅ ኪሳራውን ማን ይሸከማል?

መካኒክ፦ እጥረት ሲመጣስ ማን ይሸጥልናል? የአውሮፓ ኮሚሽን ድጎማውን ሲያጸድቅ በችግር ጊዜ ለአውሮፓ ትእዛዝ ቅድሚያ እንዲሰጥ፣ ትርፉ ከተገመተው ካለፈም ለጀርመን እንዲካፈል አስገድዷል።

ግብር ከፋይ፦ ትርፉን ለመካፈል መጀመሪያ መገኘት አለበት፤ ኪሳራውን ግን ማንም አልጻፈበትም። እሱ እስኪመለስልኝ ድረስ አይገባም እላለሁ።