የአባቴን ዓይን የነካችው ፕላስቲክና የእብድ ላም በሽታ

የጉለሌዋ (ለንደን)፦

ወገኖች፣ ሰላም ናችሁ? አባቴ ከአዲስ አበባ እኔ ጋ መጥተዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ግላኮማ አለባቸው። ሰሞኑን የዓይናቸውን ግፊት ላስለካ ይዣቸው ሄድኩ። ባለሙያዋ የሚያደነዝዝ ጠብታ ጠብ አደረገች። ከትንሽ ፓኬት የጣት ጫፍ የምታክል ፕላስቲክ አውጥታ መሣሪያው ላይ ሰካች። ብሌናቸውን ነካ አድርጋ ለካች። ከዚያ ፕላስቲኳን ቅርጫት ውስጥ ወረወረቻት።

አባቴ ክው አሉ። «ደህናውን ዕቃ?» አዲስ አበባ ያሉት ሐኪማቸው አንዱን ጫፍ በአልኮል እየጠረጉ ነው ስንት ዓመት የለኳቸው። መንገድ ላይማ «ሰብስበሽ ስጪኝ፣ ለሐኪሜ እወስድላቸዋለሁ» ማለት ጀመሩ።

ባለሙያዋን ለምን እንደምትጥለው ስጠይቃት «ድሮ በእብድ ላም በሽታ ጊዜ የወጣ መመሪያ ነው» ብላ ሳቀች። እሷ ሳቀች፣ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የላም በሽታና ዓይን ምን አገናኛቸው? አባቴስ በአልኮል ብቻ በተጠረገ ዕቃ ስንቴ ተነክተዋል፣ ልፍራ?

ጋሽ መነፅር (ሊድስ)፦

እህቴ፣ አትፍሪ። እንግሊዝ አገር ዓይን ክፍል ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ያቺን ፕላስቲክ ስንት ሺህ ጊዜ እንደጣልኩ አላውቅም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

የላሞቹ በሽታ እዚህ የታወቀው በ1986 ነው። በ1996 ሰው ላይም መውጣቱ ተነገረ። አንጎልን እንደ ስፖንጅ ይበሳሳል፣ መድኃኒት የለውም። እዚህ አገር 178 ሰው ገድሏል። ያኔ ግን ቁጥሩ የት እንደሚቆም ማን አውቆ? በሽታው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ዓመታት ይቆያል። የበሬ ሥጋ የበላ ሁሉ ተጠርጣሪ ነበር። በ1999 የጤና ባለሥልጣናቱ የግፊት መለኪያው ጫፍና የሙከራ ኮንታክት ሌንስ በተቻለ መጠን ለአንድ ሰው ብቻ ይዋል አሉ። እኔ ሥራ ስጀምር የድሮ ሌንሶች በየጠርሙሳቸው መሳቢያ ሙሉ ነበሩ። አለቃዬ «ጣለው» ስትለኝ ፊቷ ቀብር የምትሸኝ ይመስል ነበር።

አልኮሉ ለምን አልበቃም? በሽታውን የሚያመጣው ፕሪዮን የሚባል ነገር ነው፣ ጀርም አይደለም። የገዛ ራሳችን ፕሮቲን ነው፣ አጣጣፉ ግን ተበላሽቷል። አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ፕሮቲን እንደ ራሱ ያጣምመዋል። ሕይወት ስለሌለው የሚገደል ነገር የለውም። አልኮልና ፎርማሊን ጭራሽ ዕቃው ላይ ያጣብቁታል። በ1977 ከዙሪክ የወጣ ሪፖርት አለ፤ በዚሁ ወገን በሽታ የታመመ ሰው አንጎል ውስጥ የገቡ ኤሌክትሮዶች (ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች) በአልኮልና በፎርማሊን ጸድተው ለሁለት ወጣቶች ዋሉ፣ ሁለቱም ታመሙ። ፕሪዮንን ለማጥፋት 134 ዲግሪ የጋለ እንፋሎት ለ18 ደቂቃ፣ ወይም ኃይለኛ በረኪና ለአንድ ሰዓት ያስፈልጋል። ያቺ ፕላስቲክ በዚያ እንፋሎት ተጣምማ ትወጣለች። መጣሉ ቀለለ።

ዓይን የገባበት ምክንያት ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል) እና የዓይን ነርቭ የአንጎል ተቀጥላ ስለሆኑ ነው። በ1974 አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ወገን በሽታ ከሞተ ሰው ብሌን የተተከለላት ሴት ከ18 ወር በኋላ መታመሟ ተጻፈ። በ2018 ደግሞ ተመራማሪዎች በዚሁ ወገን በሽታ የሞቱ የ11 ሰዎችን ዓይን መርምረው በሁሉም ፕሪዮን አገኙ፣ በብዛት ሬቲናው ላይ።

ግን ብሌን መትከል ሌላ፣ ብሌን ነካ አድርጎ መመለስ ሌላ። በግፊት መለኪያ ወይም በኮንታክት ሌንስ ተላለፈበት የተባለ አንድም ሰው እስከ ዛሬ አልተመዘገበም። እኔን ብትጠይቂኝ ጥንቃቄው ትንሽ በዝቶ ነበር። ከዚያ ዓመት ፍርሃት አንጻር ግን አልፈርድባቸውም።

ሲስተር ከጎንደር፦

ጋሽ መነፅር ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን እዚህ ፕሪዮን አስቤ አድሬ አላውቅም። የሚያስጨንቀኝ አዴኖቫይረስ፣ ዓይን የሚያቀላው ተላላፊ ቫይረስ ነው። ዓይኑ የቀላ አንድ ሰው የነካው ጫፍ በደንብ ሳይጸዳ ቀጣዩን ከነካ፣ በሳምንቱ ወረፋው ሁሉ ዓይኑ ደም መስሎ ይመጣል። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ።

እኛ ጋ ሁለት ጫፍ ነው ያለን። አንዱን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ እንነክረዋለን፣ በሌላው እንለካለን። አጥቦ ማድረቁ ከመንከሩ እኩል ነው። በረኪና ወይም አልኮል ቀርቶበት ብሌን ቢነካ ያቃጥላል። አባባ ሲመለሱ «ጠርጋችሁ አድርቃችሁታል?» ብለው ይጠይቁ። ማንም አይቆጣም። የሚጣለውን ግን እንዳይሰበስቡ አደራ፤ ተነክሮ ደጋግሞ እንዲሠራ የተሠራ አይደለም።

የጉለሌዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለአባቴ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በሶፍት የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ከቅርጫቱ መቼ እንዳነሷት እንጃ!