ቲቢ እየታከመ ያለ ተከራይ «ልቀቅ» ሲባል

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)፦ የሳንባ ቲቢ መድኃኒት 2 ወር የጨረሰ ተከራይ ግቢያችን አለ። አከራይዋ «ልጆች አሉኝ፣ ልቀቅ» ብለውታል። ስጋታቸው እውነት ነው?

ነርስ (ሰበታ)፦ መድኃኒቱ ከሠራለት፣ በጀመረ በሁለት ሳምንት ገደማ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይወርዳል። አክታው ተመርምሮ ነፃ ከሆነ ማስወጣቱ ግፍ ነው። አደገኛው ጊዜ ሳይታከም ሲያስል የነበረው ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ ይመርመር። ከ5 ዓመት በታች ያሉት ቲቢ ባይገኝባቸውም መከላከያ መድኃኒት ይጀምራሉ። ብርጭቆ መለየት ሰውየውን ከማሸማቀቅ በቀር ጥቅም የለውም፤ ቲቢ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። መስኮት ይከፈት።

ፋርማሲስት (ለገጣፎ)፦ እኔን የሚያሳስበኝ ቶሎ መሻሉ ነው። የመጀመሪያው 2 ወር 4 መድኃኒት በአንድ ፍሬ ተዋህዶ ይሰጣል፤ 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 3 ፍሬ፣ በባዶ ሆድ። ቀጥሎ 4 ወር ከአራቱ ሁለቱ ብቻ፦ ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ። ሳሉ ሲጠፋ የቀን ሥራው ይጠራዋል፣ ጤና ጣቢያው ደግሞ የቲቢ መድኃኒት የሚሰጠው በዚያው ሰዓት ነው። ካቋረጠ የተረፈው ተህዋስ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ለጎረቤት የሚያሰጋው ያኔ ነው። ሽንቱ ብርቱካናማ ቢሆን አይደንግጥ፤ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ይሂድ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ለአከራይዋ ማን ያስረዳ?

ነርስ (ሰበታ)፦ እሱ ከፈቀደ የሰፈሩ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታስረዳቸው። ያለ ፈቃዱ ግን ማንም አይናገር።