በታዳጊ ቡድናችን አንድ ልጅ ኩፍኝ ወጣበት፤ ሌሎቹን ስንት ቀን ላቆይ?

ጠያቂ፦ የታዳጊዎች አሰልጣኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች የሆኑ 22 ልጆች አሠለጥናለሁ። ልምምዳችን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። አንዱ ልጅ ሐሙስ ጥር 7 ንፍጥና ሳል እያለበት ልምምድ ሠርቷል። ቅዳሜ ጥር 9 ከሌላ ሰፈር ቡድን ጋር ጨዋታ ስለነበረን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሁላችንም በአንድ ሚኒባስ ሄድን። ዛሬ ሰኞ፣ በጥምቀት ዕለት፣ ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ጤና ጣቢያም ኩፍኝ ነው ብሏል። ወላጆች «የኔ ልጅ ተከትቧል» ይላሉ፣ ካርድ ያሳዩኝ ግን ጥቂት ናቸው። 14 ቀን ይበቃል የሚሉኝም አሉ። ቡድኑን በሙሉ ልዝጋው? ኳስና ማሊያውን በበረኪና ማጠብስ ያስፈልጋል?

ሲስተር፣ የክትባት ክፍል

እንኳን አደረሰዎት ኮች። መጀመሪያ ቀኖቹን በትክክል እንያዝ፤ ስህተት የሚበዛው እዚያ ላይ ነው።

ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከወጣ በኋላ እስከ 4ኛው ቀን ድረስ ይተላለፋል። ሽፍታው ጥር 11 ከወጣ ልጁ ከጥር 7 እስከ ጥር 15 ያስተላልፋል ማለት ነው። ስለዚህ የሐሙሱም የቅዳሜውም ይቆጠራል። የበለጠ የሚያሳስበኝ ሚኒባሱ ነው። ንፋስ እንዳይመታን ተብሎ መስኮቱ ተዘግቶ ከሆነ ሁሉም አንድ አየር ተንፍሰዋል። ቫይረሱ ልጁ ከወረደ በኋላም በዝግ ቦታ እስከ 2 ሰዓት ያህል አየር ላይ ይቆያል፤ መከላከያ ከሌላቸው 10 ልጆች 9ኙን ሊይዝ ይችላል። በዚህ ምክንያት በረኪናው ላይ አይድከሙ። ማሊያውን በሳሙና ማጠብ በቂ ነው፤ ጊዜዎን ለካርድ ፍለጋው ይስጡት።

14 ቀን የሚባለው ከንክኪ እስከ ሽፍታ የሚወስደው አማካይ ጊዜ ነው። እስከ 21 ቀን የሚዘገይበት ልጅ ስላለ በ14ኛው ቀን የመለሱት ልጅ በ15ኛው ሊያስተላልፍ ይችላል። 21ን ከመጨረሻው ንክኪ ይቁጠሩ፦ ከጥር 9 ሲቆጠር ጥር 30 ያልቃል፣ መመለሻው የካቲት 1 ነው። ሐሙስ ብቻ መጥቶ ቅዳሜ የቀረ ልጅ የሚጨርሰው ጥር 28 ነው።

ሁሉንም መዝጋት አያስፈልግም። ሁለት ዙር የኩፍኝ ክትባት መውሰዱ በካርድ የታየ ልጅ ይጫወት፣ ግን 21 ቀን ክትትል ይደረግለት። አንድ ዙር ብቻ የወሰደ ሁለተኛውን ይውሰድ፤ መቼ እንደሚመለስ ጤና ጣቢያው ይወስን። ምንም ያልወሰደ ወይም ማስረጃ የሌለው ቤት ይቆያል። «ተከትቧል» የሚል ቃል ማስረጃ አይደለም፤ ፖሊዮም ክትባት ነው። በ9 ወር የሚሰጠው አንድ ዙር ከ100 ልጆች 15 ያህሉ ላይ ላይሠራ ይችላል። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛ ዙር በመደበኛ ክትባት የገባው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ በ11 እና በ12 ዓመት ልጅ ካርድ ላይ ባያገኙት አይግረምዎት። በዘመቻ የተሰጠውም ብዙ ጊዜ ካርድ ላይ አይጻፍም።

አሁን የሚያጣድፈው 72 ሰዓቱ ነው። ክትባቱ በሽታውን ሊያስቀር የሚችለው ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ሐሙስ ለነበሩት አልፏል፤ ቢከተቡም ለወደፊት ይጠቅማቸዋል እንጂ 21 ቀኑን አያሳጥርላቸውም። ቅዳሜ ብቻ ለመጡት ግን ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ ጊዜ አለ። ዛሬ ማታውኑ ለጤና ጣቢያው ደውለው ስንት ልጅ እንደሚመጣ ይንገሩና በሩ ሲከፈት አብረው ይድረሱ። አብረው የምለው ብልቃጡ የብዙ ሰው ስለሆነና ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ስለሚጣል ነው፤ ለአንድ ልጅ ለመክፈት ባለሙያው ሊያመነታ ይችላል።

የቡድን መሪ

ወንድሜ፣ የነገውን ልምምድ ሰርዘው። የተጋጣሚያችሁን አሰልጣኝና የሚኒባሱን ሾፌር ዛሬውኑ ንገራቸው፤ የሚረሱት እነሱ ናቸው። ሹፌሩ ቤት ከ9 ወር በታች ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ሐኪም ማማከር አለባቸው፤ ነፍሰ ጡር ይህን ክትባት አትወስድም።

በቴሌግራም ግሩፕ የልጁን ስም እንዳትጽፍ። እንዲህ ይበቃል፦ «ጥር 7 እና 9 በቡድናችን የኩፍኝ ንክኪ ነበር። የልጅዎን የክትባት ካርድ ፎቶ እስከ ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ለእኔ ብቻ ይላኩ። ካርድ ከሌለ ልጁ እስከ ጥር 30 ወደ ልምምድ አይመጣም። ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥ ወይም የዓይን መቅላት ካዩበት ቤት ይቆይ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ።» ደውሉ የሚባለው ልጁ ሕፃናት በተሰበሰቡበት ወረፋ እንዳይቀመጥ ነው።

አራት ዓምድ ያለው ወረቀት አዘጋጅ፦ ስም፣ የመጣባቸው ቀናት፣ የክትባት ዙር፣ መመለሻ ቀን። መመለሻውን በቀን ጻፈው፤ «ከ3 ሳምንት በኋላ» ካልክ ሁሉም ከተመቸው ቀን ይቆጥራል። ቤት የሚቆዩት ልጆች ግቢያቸው ውስጥ ብቻቸውን ኳስ ቢያንጠባጥቡ ችግር የለውም፤ ትምህርት ቤትና ሰፈር ሜዳ ግን አይሄዱም። ከቡድን አስቀርተኸው ሰፈር ውስጥ ከ10 ልጅ ጋር ከተጫወተ ልፋትህ ባዶ ነው።

ዶክተር

ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንድ ወላጅ ጨዋታ እንዳያመልጠው ጠዋት ፓራሲታሞል ሰጥቶ ይልከዋል። ትኩሳቱ ይደበቃል፣ በር ላይ ሙቀት ብትለኩም አታገኙትም። መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ ልጁን ራሱን ጠይቁት።

ለታመመው ልጅ ደግሞ፣ «ኩፍኝ የወጣበት መርፌ አይንካው፣ ከቤት አይውጣ» የሚለው አባባል ሕክምና ያዘገያል። ቫይታሚን ኤ በጤና ተቋም ይሰጠው፤ በዚህ ዕድሜ 200,000 ዩኒት፣ በሁለት ተከታታይ ቀናት አንድ አንድ ጊዜ ነው። ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፤ ለ30 ኪሎ ልጅ ከ300 እስከ 450 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። አስፕሪን አይሰጠውም። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከተደበተ ወይም ዓይኑ ከደፈረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት።

ጥር 15 ማለፉ ለሌሎች አያስተላልፍም ማለት ነው እንጂ ለሜዳ ደርሷል ማለት አይደለም። ኩፍኝ የሰውነትን መከላከያ ለሳምንታት ያዳክማል፤ የሳንባ ምች የሚከተለውም ለዚህ ነው። ያለ መድኃኒት ትኩሳት ሳይኖረው፣ በደንብ በልቶና ሳሉ ቆሞ ይመለስ። የመጀመሪያው ሳምንት እርምጃና ቀላል ሩጫ ይሁን። ደረቱን ካመመው ወይም ከወትሮው በላይ ካለከለከ አቁሙትና ይታይ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ብቻ የመጡ 5 ልጆች አሉ፤ ነገ ጠዋት ይዣቸው እሄዳለሁ። ከክትባቱ በኋላ ትኩሳት ቢመጣባቸውስ?

ሲስተር፣ የክትባት ክፍል

ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ውስጥ አንዳንዱ ልጅ ላይ ትኩሳትና ቀለል ያለ ሽፍታ ከክትባቱ ይመጣል። ችግሩ፣ ያ ጊዜ እውነተኛው ኩፍኝም የሚወጣበት ጊዜ ነው። በዓይን ለመለየት አይሞክሩ፦ ልጁ ቤት ይቆይ፣ ለጤና ጣቢያው ይነገር፣ የተከተበበት ቀን ይጠቀስ፣ የደም ናሙና ይወሰድ። የተከተቡበትን ቀን ካርዱ ላይ ማጻፍ እንዳይረሱ።