ወርክሾፕና መኖሪያ ቤት በአንድ ግቢ፦ ፎቁ ላይ ልኑር ወይስ ቤቱን ከኋላ ልስራ?

በያጁ ከደብረ ብርሃን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስራዬ ብረታ ብረት ነው፣ በር፣ መስኮት፣ አጥር፣ የሮቶ ማቆሚያ፣ ሲገኝ ደግሞ የመጋዘን ትራስ (ጣራ የሚሸከመው ብረት)። እስካሁን በኪራይ ነው የምሰራው ኪራዩም በየጊዜው እየጨመረ ማሽን ተሸክሜ ከሰፈር ሰፈር መዞር ሰልችቶኛል። አሁን 200 ካሬ ቦታ አለኝ፣ ፊቱ 10 ሜትር ወደ ውስጥ 20፣ መንገድ ዳር ስለሆነ አይሱዙ በደንብ ይጠጋል። ባለትዳር ነኝ ሁለት ልጆች አሉኝ ትንሹ ገና ዳዴ ነው የሚለው።

ሀሳቤ ከታች ወርክሾፕ፣ ከላይ መኖሪያ ማድረግ ነው፣ ኮለኑንም (ምሰሶውን) ቢሙንም (አግዳሚውን) በብረት እኔው ራሴ በይጄ፣ የላዩን ወለል በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ካሬ ብረት) ላይ ቺፕውድ አንጥፌ በአንድ ጣራ መጨረስ። ሌላው አማራጭ ከፊት ወርክሾፕ ከኋላ ፎቅ የሌለው ቤት ነው። ልቤ ግን ወደ ፎቁ ነው ምክንያቱም ግቢ ይተርፈኛል፣ ስትራክቸሩን ደግሞ የእጅ ዋጋ ሳልከፍል እሰራዋለሁ። በዚህ አይነት የሚኖር ካለ ንገሩኝ እስቲ፣ መሰረት ሳልቆፍር መስማት እፈልጋለሁ።

የአዳማው፦

ወንድሜ እንኳን ለራስህ ቦታ አበቃህ። እኔ ከፊት እየሰራሁ ከኋላ ነው የምኖረው ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ። ፎቁን እርሳው፣ በተለይ ያልከውን ቺፕውድ። ግራይንደር የሚረጨው ብልጭታ ቢሙ ላይ፣ ፍላንጁ (የቢሙ ጠፍጣፋ ጠርዝ) ውስጥ፣ የተጠራቀመ አቧራ ላይ ገብቶ ይቀመጣል፣ አንተ ስራ ጨርሰህ በር ዘግተህ ስትወጣ ነው የሚጀምረው፣ ያኔ ደግሞ ልጆቹ ከላይ ተኝተዋል። ብረት አይነድም ብለህ እንዳትተማመን፣ 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ያጣል፣ ታች የተነሳ እሳት ደግሞ እዛ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ሰው የሚፈራው ብየዳውን ነው፣ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ቀለሙ ነው። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) በቲነር አቅጥነህ በኮምፕረሰር ስትረጭ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል ስለዚህ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ በር ስር ባለች ክፍተት ገብቶ ማዶ ያለ ከሰል ጋ ሊደርስ ይችላል። እኔ ቀለም የምቀባው ሜዳ ላይ ነው እንጂ ውስጥ አልነካውም።

አሁን ዋናው። ከፊትና ከኋላ አድርገህ ስትሰራ ሁሉም ሰው የሚስተው አንድ ቦታ አለ። መሀል ላይ ባለ 20 ብሎኬት ይገነባሉ፣ ግራና ቀኝ ይለስናሉ፣ ከዛ ቆርቆሮውን ከወርክሾፑ እስከ ቤቱ አንድ ወጥ አድርገው ይመቱበታል። ወጥተህ ከላይ ያለውን የብሎኬቱን ጫፍ እየው፣ በቆርቆሮው እያንዳንዱ ሞገድ ስር ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ጭሱም ብልጭታውም ድምፁም በዛ በኩል ኮርኒስ ላይ ይወጣል፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ ከሆነ ደግሞ አበቃ። ግድግዳው ቆርቆሮውን አልፎ ከጣራ በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር መውጣት አለበት፣ ቆርቆሮው በሁለቱም በኩል ግድግዳው ጋ ይቆማል፣ ውሃ እንዳይገባም ላሜራ አጥፈህ ትከድንበታለህ። ይሄ የአንተ ስራ ነው በአንድ ቀን ትሰራዋለህ።

የበያጅ ሚስት፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም ግን የበያጅ ሚስት ነኝና ከቤቱ በኩል ልናገር። ወንድሜ ባለቤትህን ጠይቀሃታል? ከቢሙ በላይ እሷን ነው የሚመለከታት። የታጠበ ልብስ የት ይሰጣል፣ ግቢው በሙሉ የግራይንደር ብናኝ ከሆነ ነጭ ነገር ላይ ሲያርፍ በነጋታው ዝገት ሆኖ ይገኛል። ዳዴ የሚል ልጅ ደግሞ መሬት ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው። እኛ ጋ ደንቡ የስራ ጫማና ቱታ እቤት አይገባም፣ በወርክሾፑ በኩል የራሱ መታጠቢያ አለው፣ ታጥቦ ልብስ ቀይሮ ነው የሚገባው። ገና ስትጀምር የውሃ መስመር ወደዛ ሳብ፣ በኋላ ወለል መስበር ነው።

ድምፁን ትለምዱታላችሁ የሚሉህን አትስማ። እንግዳ ሲመጣ፣ ህፃን ሲታመም፣ ለቅሶ ሲኖር፣ ያኔ ነው የሚታወቀው። ለደንበኛና ለቤተሰብ የተለያየ በር ይኑር፣ ሰራተኞችህም ደንበኞችህም በኔ ሳሎን ፊት ለፊት ሽንት ቤት እየጠየቁ ማለፍ የለባቸውም።

ከዳላስ፦

እዚህ ቴክሳስ ገጠሩ ላይ እንዲህ አይነት ቤት ብዙ ነው፣ ባለ ብረት ስትራክቸር ትልቅ አዳራሽ ሰርተው ግማሹን ወርክሾፕ ግማሹን መኖሪያ ያደርጉታል፣ ስለዚህ ነገሩ የማይሆን አይደለም። ግን እነሱ ላይ ያየሁት ጥንቃቄያቸው መለያያው ላይ ነው። በብዛት የሚሰራበት የመኖሪያ ቤት ኮድ (የግንባታ ደንብ) ለተራ የመኪና ጋራዥ እንኳ ከጋራዥ ወደ መኝታ ክፍል በቀጥታ በር መክፈት ይከለክላል፣ ላይ ሰው የሚኖርበት ከሆነ ደግሞ የጋራዡ ኮርኒስ እሳት በሚቋቋም 16 ሚሊ ገደማ ጂፕሰም ይሸፈናል። የብየዳ ስራ ደንባቸው ደግሞ የሚቀጣጠል ነገር ከስራው 35 ጫማ፣ ማለትም ወደ 11 ሜትር ይራቅ፣ ካልሆነ ይሸፈን ይላል፣ ስራ ካበቃ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሰው ቆሞ ይጠብቃል። 11 ሜትር ማለት ካንተ ቦታ ስፋት ይበልጣል። ቤቱ ያለጥርጥር ብልጭታው የሚደርስበት ውስጥ ነው፣ የሚያድንህ ግድግዳው ብቻ ነው።

ጭሱንም አትናቀው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2017 እ.ኤ.አ የብየዳ ጭስን ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተራ አስገብቶታል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) በይዶ ማታ ብርድ ብርድ ያላለው በያጅ ጥቂት ነው፣ ያ የዚንኩ ጭስ ነው። ወተት ይጠጣበታል ይባላል፣ ወተት ሆድ ነው የሚገባው ጭሱ ግን ሳንባ ነው የሚገባው። የሚያድነው ማስክና አየር ነው።

በያጁ ከደብረ ብርሃን፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እህቴ ያልሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ መታጠቢያውን ከሁሉ በፊት አለች። እሺ ፎቁን ተውኩት። ከፊት ወርክሾፕ 10 በ9፣ መሀል 2 ሜትር ክፍት፣ ከኋላ ቤት 10 በ8፣ ቀሪው ከጀርባ። ኮለኖቹን ግን አንድ ወጥ ባደርጋቸውስ፣ ብረት ለመቆጠብ? መብራቱንስ እንዴት ላድርግ፣ ፈቃዱስ?

ሲቪል መሀንዲስ፦

አንድ ወጥ አታድርግ። የብረት ፍሬም ከፍሬም ከተያያዘ መዶሻ በመታህ ቁጥር መኝታ ቤቱ ይደውላል፣ እሳት ቢነሳና የፊቱ ፍሬም ቢወድቅ ደግሞ የኋላውን ጎትቶ ይዞት ይሄዳል። ሁለት ቤት ሁለት ስትራክቸር። 9 ሜትሩ ጥሩ ነው፣ ቱቦላሬ 6 ሜትር ነው የሚመጣው እሱን ቆርጠህ ለማዞር ቦታ ይበቃሃል፣ 12 ሜትር ፌሮ ግን በበሩ በኩል በሰያፍ ነው የሚገባው ስለዚህ በሩን ከ4 ሜትር አታሳንስ። ከመቆፈርህ በፊት ደግሞ ነፋሱ በብዛት ከየት እንደሚነፍስ እየው፣ ከወርክሾፑ ወደ ቤቱ ከሆነ በቤቱ በኩል ያለውን የወርክሾፑን ግድግዳ ያለምንም መስኮት ድፍን አድርገው፣ አየር በጎንና በጣራው አናት በኩል ይውጣ።

ፈቃድ ላይ ብዙ ሰው መኖሪያ ብሎ አስፈቅዶ ወርክሾፕ ይሰራል፣ አታድርገው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ላይ ወርክሾፕ በምድብ ሐ ነበር የተቀመጠው፣ ፎቅ የሌለው የግል መኖሪያ ቤት ግን ምድብ ሀ ነበር። ምድቡ ሲለያይ የሚጠየቀው ዲዛይንም ባለሙያም ይለያያል። ፕላኑን ከማሰራትህ በፊት ከተማህ ግንባታ ፈቃድ ቢሮ ሄደህ ቦታህ ለቅይጥ አገልግሎት ይፈቅድ እንደሆነ፣ አሁን የሚሰሩበት መመሪያ የቱ እንደሆነም ጠይቅ።

የመብራት ሰው፦

ከተቻለ ለወርክሾፑ የራሱ ሶስት ፌዝ ቆጣሪ አስገባ፣ ካልተቻለ ቢያንስ የየራሳቸው ብሬከር ቦርድና የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ አንተ በዛው ፌዝ ላይ ስትበይድ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አርኩ (የብየዳው እሳት) ይቋረጣል፣ ፍሪጅና ቲቪም ይጎዳሉ።

ሌላ ደግሞ በያጅ ሁሉ የሚያደርገው ነገር አለ፣ ማሳውን (የብየዳ ማሽኑን የከረንት መመለሻ ገመድ) የቀረበው የህንፃ ብረት ላይ መቆንጠጥ። አንተ ኮለን ላይ ከቆነጠጥክ የብየዳው ከረንት በፍሬሙ፣ በቦልቱ፣ በመሬት ሽቦው ሁሉ ነው የሚመለሰው፣ ቀጭን የመሬት ሽቦ ደግሞ ያን ሁሉ አምፔር አይችልም፣ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ይግላል። ማሳው ሁልጊዜ የምትበይደው እቃ ላይ ይሁን። ጀነሬተርም ካለህ ከቤቱ ጀርባ እንዳታስቀምጠው፣ የሚመርዘው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ከፊት በመንገዱ በኩል ክፍት ቦታ ላይ ይቀመጥ።

የአዳማው፦

መሀል ያለውን 2 ሜትር በኋላ ቆርቆሮ እንዳትከድነው ብቻ። ክረምት ሲመጣ እቃ ማስቀመጫ ላድርገው ትላለህ፣ ቱቦላሬና የቀለም ቆርቆሮ ይገባበታል፣ ያን ጊዜ ሁለቱ ቤት ተመልሶ አንድ ሆነ ማለት ነው። ለእቃ ማስቀመጫ በወርክሾፑ በስተጎን ከአሁኑ ቦታ ያዝ። ኦክስጅንና አሲትሊን ሲሊንደር ከተጠቀምክም አንድ ላይ አታከማቻቸው፣ በመሀላቸው 6 ሜትር ይኑር ወይ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው የብሎኬት ግድግዳ ይለያቸው፣ ሁለቱም ቆመው በሰንሰለት ይታሰሩ።