ሳንድ ብላስት ያስደረግኩት 316ኤል ዛገብኝ፤ ምን ላድርግ?

የአዘዞ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር የመመረቂያ ፕሮጀክት እየሠራሁ ነው። ርዕሴ ለአጥንት ስብራት የሚገባ ፕሌት የገጽ አሠራሩ ዝገትን እንዴት እንደሚለውጥ ነው። ከ316ኤል አይዝጌ ብረት ናሙናዎች ቆረጥኩ። አንዱን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ሌላውን ጋራዥ ወስጄ ሳንድ ብላስት (አሸዋ በአየር ግፊት መንፋት) አስደረግኩት፤ አጥንት ሻካራ ገጽ ይወዳል ሲባል ሰምቼ። ሁለቱንም በ0.9% የጨው ውሃ 37 ዲግሪ ላይ አስቀመጥኩ። ለስላሳው ምንም አልሆነም። ሻካራው ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። ብረቱ ፎርጅድ ይሆን?

ጋሽ ብረቱ፦ ብረቱን ከመጠርጠርህ በፊት አሸዋውን ጠርጥር። በዚያው አሸዋ የመኪና ሻንሲ ሲያጸዱ ከርመው ከሆነ፣ የተራ ብረት ብናኝ ናሙናህ ላይ ተሰክቷል። መጀመሪያ የሚዝገው እሱ ነው።

316ኤልን ከዝገት የሚጠብቀው በውስጡ ያለው ከ16 እስከ 18% የሚሆን ክሮሚየም ነው። ገጹ ላይ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሽፋኑ የሳሳበትን ቦታ ፈልጎ ይበሳል። ሻካራ ገጽ ደግሞ ጨው የሚተኛበት ጎድጓዳ ብዙ ነው። ስለዚህ አሸዋው ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ለስላሳው ሳይሻል አይቀርም።

ስለ አጥንቱ የሰማኸው በተለይ ለቲታኒየም የጥርስና የዳሌ ተከላ ነው። የብረት ፕሌት ብዙ ጊዜ በኤሌክትሮፖሊሽ (በኬሚካል ፈሳሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ) ይለሰልሳል። በኋላ ሲወጣም አያስቸግርም።

ላብ ቴክ፦ ጋሼ ያሉትን ለማረጋገጥ የመዳብ ሰልፌት ሙከራ አለ። በሌላ ትርፍ ናሙና ላይ ቀባና 6 ደቂቃ እርጥብ አድርገህ አቆየው። የመዳብ ቀለም ከያዘ ነጻ ብረት፣ ማለትም ገጹ ላይ የተሰካ ተራ ብረት፣ አለበት ማለት ነው።

ከዚያ ፓሲቬሽን ሥራ፤ ተራውን ብረት በአሲድ አጥቦ መከላከያ ሽፋኑ በደንብ እንዲሠራ ማድረግ ማለት ነው። በሳሙና እጠብ፣ ቅባት እንዳይቀር። ከ4 እስከ 10% ሲትሪክ አሲድ ውስጥ፣ ከ21 እስከ 49 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ። በተጣራ ውሃ አለቅልቅ። ኤኤስቲኤም ኤ967 በሚባለው የፓሲቬሽን መመዘኛ ላይ ያለ አሠራር ነው። ናይትሪክ አሲድም ይሆናል፤ ጭስ መምጠጫ ከሌላችሁ ግን ይቅርብህ። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንዳታጥበው አደራ፣ ያው ክሎራይድ ነው።

የማራኪዋ፦ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። አባቴ እግሩ ውስጥ ፕሌት አለ። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ውስጡ ይዝጋል ማለት ነው?

ሲስተር፦ አይዞሽ እህቴ። ይሄ ልጅ ጋራዥ የወሰደው ብረት እንጂ ለሰው የተዘጋጀ አይደለም። ፕሌት ስናወጣ አንዳንዴ ከስክሩ ጭንቅላት ሥር የጠቆረ ነገር እናያለን። ስክሩና ፕሌቱ ስለሚፋተጉ፣ በጠባቡ ክፍተትም ፈሳሽ ስለሚታቆር ነው። አባትሽን ካመመው፣ ካበጠ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ይየው።

የአዘዞ ልጅ፦ ጋራዡ ጋ ደወልኩ። እውነትም በዚያው አሸዋ የአይሱዙ ሻንሲ ነው የሚያጸዱት! በአሸዋው ፈንታ የሚነፋ ንጹሕ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ብናኝ) ጎንደር ውስጥ ከየት ላምጣ?

ላብ ቴክ፦ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠሩ ቴክኒሻኖች ጋ ጠይቅ። እነሱ የሚነፉት አሉሚና ነው። ደግሞ አራት ዓይነት አድርገው፦ ለስላሳና ሻካራ፣ ሁለቱም ፓሲቬሽን የገቡና ያልገቡ። ያለዚያ አማካሪህ «ልዩነቱን ያመጣው የቱ ነው?» ሲልህ መልስ የለህም።