ድሬ ላይ የኮራል አኳሪየም በትንሽ ብር፦ ቧንቧውን ሳልገጥም እዩልኝ

ጠያቂ (ሳቢያን)
ሰላም ቤተሰብ። ለስላሳ ኮራልና ሁለት ክላውንፊሽ የሚኖሩበት የጨው ውሃ አኳሪየም ላዘጋጅ ነው። ዋናው ገንዳ 90 በ45 በ45 ሳንቲ ሜትር ነው፣ መስታወቱ 8 ሚሊ። ከሥሩ ሳምፕ፣ ማለትም ፓምፑና ማጣሪያው የሚቀመጡበት ሁለተኛ ገንዳ፣ 60 በ35 በ35 አሠራለሁ። መስታወት መብሳት ስለፈራሁ ውሃው ጠርዝ ላይ በሚንጠለጠል ሳይፈን፣ ማለትም ውሃን ከጠርዝ በላይ አሻግሮ በሚስብ የታጠፈ ቱቦ፣ እንዲወርድ አስቤያለሁ። ቧንቧው ከቤት ሥራ የተረፈ ፒፒአር (በሙቀት ቀልጦ የሚያያዝ የፕላስቲክ ቧንቧ) ነው፤ የነሐስ ጥርስ ያላቸው ፊቲንጎችም አሉኝ። ጨው የአፍዴራ፣ ውሃ የቧንቧ። ቺለር (የውሃ ማቀዝቀዣ) የምገዛበት ብር የለኝም። የመብራቱን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። የቱን ልቀይር?

ቧንቧ ሠሪው
አቦ፣ ሳይፈኑን ተወው። መብራት በጠፋበት አየር ከገባበት፣ መብራት ሲመለስ ፓምፑ ወደ ላይ ይገፋል፣ ወደ ታች የሚወርድ ግን የለም። ሳምፑ እስኪደርቅ ሳሎንህ ይታጠባል።

መስታወቱን አስበሳው። መጀመሪያ ግን ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) አለመሆኑን ከሠራው ሰው አረጋግጥ፤ ቴምፐርድ መስታወት መሰርሰሪያ ሲነካው ሙሉ በሙሉ ይረግፋል። ተገዝተው የሚመጡ ገንዳዎች ብዙ ጊዜ ታችኛው መስታወታቸው ቴምፐርድ ስለሆነ የኋላው ይሻላል። በአልማዝ መሰርሰሪያ፣ በዝግታ፣ ውሃ እያፈሰሱ፣ ሳይጫኑ ነው የሚበሳው። የሚሰነጠቀው መጨረሻዋ አንድ ሚሊ ላይ ስለሆነ እዚያ ሲደርስ እጁን ያቅልል። ቀዳዳው ከመስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የራሱን ስፋት ያህል ይራቅ።

ሁለት ቀዳዳ አድርግ፣ ሁለቱም በማጥለያው ሳጥን ውስጥ፣ ማለትም የገንዳው የላይ ውሃ በጥርሶቹ መካከል አልፎ በሚገባበት ሳጥን ውስጥ። አንዱ ዋናው መውረጃ ነው፤ ኤልቦው (የታጠፈው መጋጠሚያ) ወደ ታች ዞሮ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ፍሰቱም በጌት ቫልቭ (እየዞረ ቀስ በቀስ በሚዘጋው) ይስተካከላል። ቦል ቫልቭ (በሩብ ዙር የሚዘጋው) ለዚህ አይሆንም፣ ትንሽ ሲነካ ብዙ ይዘጋል። ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው፤ ኤልቦው ወደ ላይ ዞሮ አፉ ከዋናው ከፍ ይላል፣ በደህና ቀን ደረቅ ነው፣ ቫልቭም በጭራሽ አይገጠምበትም። ዋናውን ቀንድ አውጣ ቢዘጋው ውሃው በዚህ ይወርዳል፤ ድምፁ ራሱ ይነግርሃል።

ለቀዳዳው የሮቶ ማያያዣ የፕላስቲኩ ዓይነት ይሠራል። መሰርሰሪያውን ከመምረጥህ በፊት የጥርሱን ስፋት በካሊፐር ለካ፣ ቀዳዳው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ይብለጠው። ጎማው በሰፊው ጠርዝ (ፍላንጅ) በኩል እንጂ በነት በኩል አይግባ። በእጅህ አጥብቀህ ሩብ ዙር ጨምር፣ በቃ። ሲሊኮን አትቀባው።

ነሐሱን አርቀው። ውስጡ መዳብ አለበት፤ ጨው ውሃ ቀስ ብሎ ይበላዋል፣ የሚለቀቀው መዳብ ደግሞ ኮራልና ሽሪምፕ ይገድላል። ፒፒአሩ በራሱ ችግር የለውም፣ ግን ካለ ማቅለጫ ማሽን አይያያዝም፣ ከጥርስ ጋር የሚያገናኙት ፊቲንጎችም ነሐስ ያቀፉ ናቸው። በዩፒቪሲ (በሙጫ በሚያያዝ የፕላስቲክ ቧንቧ) ሥራው፦ መውረጃው 32፣ መመለሻው (ከፓምፑ ወደ ላይ የሚወጣው) 25 ሚሊ። ፓምፑ አጠገብ አንድ ዩኒየን (ተፈትቶ የሚገጠም ማያያዣ) አስገባ፣ አለበለዚያ ለማጠብ ስታወጣው በመጋዝ ልትቆርጠው ነው።

ጠያቂ
እሺ፣ ይበሳል። የመመለሻው አፍ ውሃው ውስጥ 12 ሳንቲ ቢገባ ድምፅ አይኖረውም ብዬ ነበር። ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ) እገጥምበታለሁ።

ሒሳብ በእጁ
ቆይ እንደምር። ዋናው ገንዳህ በአንድ ሳንቲ ከፍታ ወደ 4 ሊትር ይይዛል። መብራት ሲጠፋ የመመለሻው ቧንቧ ራሱ ሳይፈን ሆኖ አፉ አየር እስኪያገኝ ይመልሳል፦ 12 ሳንቲ ማለት ወደ 48 ሊትር። ሳምፕህን 20 ሳንቲ ሞልተህ ብታሠራው ባዶ የሚቀረው 15 ሳንቲ፣ ቢበዛ 31 ሊትር ነው። ከ15 ሊትር በላይ ምንጣፍ ላይ ነው። አፉን 2 ሳንቲ ላይ ብታደርገው 8 ሊትር፣ የሳጥኑና የቧንቧው ሲጨመር 13 ገደማ። ይበቃሃል።

ቼክ ቫልቩን አትመነው፤ የካልሲየም ቅርፊት ወይም አንዲት ቀንድ አውጣ ክፍት አድርጋ ትይዘዋለች። አንዳንዶች ቧንቧው ላይ አየር ማስገቢያ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳሉ፤ እሷም በአልጌ ትደፈናለች።

ፓምፕ ስትገዛ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ዜሮ ከፍታ ላይ ነው። 2000 ሊትር በሰዓት፣ ከፍተኛ ከፍታ 2.5 ሜትር ከተባለ፣ አንተ ጋ 1.4 ሜትር ሲወጣ ወደ 800 ይወርዳል። ለአንተ ገንዳ በቂ ነው፣ ትልቅ አትግዛ፤ የበለጠ ሙቀት ይጨምርልሃል።

ጨዋማው
የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው። አብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ኮራል የሚፈልገው ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድ እንዳይሆን የሚያረጋጋው) በልኩ የለውም። የሪፍ ጨው (ለኮራል ገንዳ የሚዘጋጀውን) ግዛ። ጠቅላላ ውሃህ 200 ሊትር ገደማ ስለሆነ ለመጀመሪያው ሙሌት ከ7.5 እስከ 8 ኪሎ ይሄዳል። ልኩ 35 ግራም በኪሎ፣ በስበት መለኪያ 1.026 ነው። የሚንሳፈፈውን የመስታወት መለኪያ ትተህ ሪፍራክቶሜትር (ጨዋማነትን በብርሃን የሚለካ) ያዝ።

የቧንቧ ውሃውማ፣ የድሬ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት አይተሃል። አር ኦ ማጣሪያ (ውሃን በግፊት በሜምብሬን፣ ማለትም በጣም ረቂቅ ወንፊት፣ የሚያሳልፍ) የግድ ነው። እዚህ ሰው የሚሳሳተው ግፊት ላይ ነው፦ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ አንተ ጋ ግማሽ ባር እንኳ አይደርስ ይሆናል። ሜምብሬኑ ከ3.5 ባር በላይ ይፈልጋል። ቡስተር ፓምፕ (ግፊት የሚጨምር) ያለውን ግዛ። ለመጠጥ የሚሸጠው መጨረሻው ላይ ማዕድን የሚጨምር ክፍል ካለው ያንን ዝለለው፣ በምትኩ ዲአይ ሬዚን (የቀረውን ማዕድን የሚይዝ) አድርግ። ቲዲኤስ መለኪያው (በውሃው ውስጥ የሟሟውን የሚያሳየው) ከሬዚኑ በኋላ 0 ማንበብ አለበት። የሚጣለው ውሃ ብዙ ነው፤ ለማዳን ብለህ መውጫውን ብታጠብበው ጠንካራው የድሬ ውሃ ሜምብሬኑን ባጭር ጊዜ ይደፍነዋል። በጀሪካን ተቀብለህ ለመጸዳጃ ቤት አውለው።



ሐረር ጀጎል
እኛ ጋ ሌሊት ሄተር ነው የሚያስጨንቀን፣ እናንተ ጋ ተቃራኒው። ሁለት ሊትር ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጎ በረዶ ሠርቶ ሳምፑ ውስጥ መጣል አይሻልም?

ከዚራ
ለአደጋ ጊዜ እንጂ ለየቀኑ አይሆንም፤ ሙቀቱ ወርዶ መልሶ ይወጣል፣ ኮራል ደግሞ መዋዠቅ አይወድም። ቺለር ለሌለው ሰው የድሬ ደረቅ አየር ራሱ ሀብት ነው። ከታይዋን ገበያ ሁለት የኮምፒውተር ፋን ገዝተህ በሳምፑ ውሃ ላይ አግድም ንፋስ እንዲሰጡ እሰር። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት 200 ሊትሩን ወደ 3 ዲግሪ ሊያወርድ የሚችል ነው፤ ከክፍሉ ሙቀት ስለሚገባ ግን በተግባር ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ በቀን ጥቂት ሊትር ይሄዳል። በቴርሞስታት 26 ላይ እንዲነሳ አድርገው። 30 ካለፈ ኮራሉ መንጣት፣ ዓሣውም አየር ማጣት ይጀምራል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የሳምፑን ካቢኔ በር ክፈተው፣ ከተዘጋ እርጥቡ አየር እዚያው ይታፈንና ፋኑ ከንቱ ነው።

የሚተነው ውሃ ብቻ ነው፣ ጨው ይቀራል። ስለዚህ የምትተካው በአር ኦ ውሃ እንጂ በጨው ውሃ አይደለም። በፍሎት ቫልቭ (ውሃ ሲጎድል ራሱ በሚከፍት ተንሳፋፊ) ካደረግከው ማጠራቀሚያው ከ10 ሊትር አይብለጥ፤ ቫልቩ ተጣብቆ ሁሉም ቢፈስ እንኳ ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 33 ከምናምን ነው የሚወርደው። ባለ 50 ሊትር በርሜል ካገናኘህ ግን ጠዋት የሞተ ገንዳ ታገኛለህ።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምትሠራ የአየር ፓምፕ ትበቃለች።

ጠያቂ
የድንጋይ ኮራል ከጅቡቲ ሰው ቢያመጣልኝስ?

ጨዋማው
የለም። የድንጋይ ኮራል በሙሉ በሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት) አባሪ ሁለት ያለ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። መሽሩምና ሌዘር ኮራል በቂህ ነው፣ ብርሃንም ብዙ አይጠይቁም።

ቧንቧ ሠሪው
ጨው ከመግባቱ በፊት፦ የዩፒቪሲው ሙጫ 24 ሰዓት ይድረቅ፣ ማቆሚያውን በውሃ ልክ አስተካክል (ሞልቶ ወደ 300 ኪሎ ነው)፣ ከዚያ በቧንቧ ውሃ ሞልተህ ሁለት ቀን አሠራው። በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አድርግ፣ ጠብታ ካለ እሱ ላይ ይታያል። ከዚያ ሶኬቱን ንቀል፣ ውሃው ሳምፑ ውስጥ የቆመበትን በማርከር አስምር፣ መልሰህ ሰካ። አሥር ጊዜ ድገመው። አንዴ እንኳ ዋናው መውረጃ እየተንኮረኮረ መጠባበቂያው ሥራውን ካልተረከበው፣ ጌት ቫልቩን በጣም አጥብቀኸዋል ወይም የመጠባበቂያው አፍ ከሳጥኑ ጥርስ ጋር እኩል ሆኗል፤ 2 ሳንቲ ዝቅ አድርገው።