በብሎክ 6 እና 7 መካከል ያለው ቦታ፦ ለወረዳ የምናስገባው ሀሳብ

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶች። በብሎክ 6 እና 7 መካከል መኪና የሚቆምበትን ቦታ ለልጆች መጫወቻ ስለማድረግ ለወረዳ የምንጽፈው ደብዳቤ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ለመነሻ ያህል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በ146 አገሮች ሲጠና ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች 81 በመቶው እዚያ አይደርሱም ነበር።

ብሎክ 7፦ እኔን አይገርመኝም። ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት በታክሲ ይመጣል፣ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፣ ስልኩን ይዞ ሶፋ ላይ ጋደም ይላል። ወርደህ ተጫወት ስለው «የት?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው ጀምረው ነበር። ኳሷ የአንድ መኪና ስፖኪዮ ነካች፣ ጥበቃው ቀማቸው። እስካሁን ጥበቃ ቤት ናት።

ብሎክ 3፦ ሴቶቹንም እናስብ እንጂ። እዚያው ጥናት ላይ ከሴቶቹ 85 በመቶ፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ አይደርሱም ነው የሚለው። የኛዎቹ ደረጃ ላይ ተደርድረው ይውላሉ። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። «ወንዶቹ አንዴ ከያዙት አይለቁልንም፣ ሲመሽ ደግሞ ጨለማ ነው» አሉኝ። በሳምንት ሁለት ቀን የሴቶች ብቻ ይሁን። ይህ ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም።

ብሎክ 6፦ እኔ መኪና አቆማለሁ፤ ቦታው ለልጆች ብቻ ይሁን ከተባለ ማታ የት እንደማቆም ግራ ይገባኛል። ግን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይለቀቅ ከተባለ ደስ ብሎኝ እስማማለሁ። አብዛኞቻችን ከሥራ የምንገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለመኪና የሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ልጆቹ አስፋልቱ ላይ እንዴት እንደሮጡ አይተናል። ቦታ ሲያገኙ ማንም ሩጡ አላላቸውም።

የወጣቶች አስተባባሪ፦ የብሎክ 3 እና የብሎክ 6 ሀሳብ ይግባ። ማክሰኞና ሐሙስ ለሴቶች ቢሆንስ? ወረዳውን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የመብራት ምሰሶና ክዳኑ የጠፋው ቱቦ እንዲከደን። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ እዚያ ገብቶ እግሩን ተጎድቷል። የመረብ ኳሱን መረብ ራሳችን አዋጥተን እንገዛለን።

ብሎክ 3፦ ማክሰኞና ሐሙስ ይስማማናል።

ሰብሳቢ፦ በዚሁ እጽፈዋለሁ። የቦታው ስፋት ግን መግባት አለበት። ሜትር ያለው ሰው?

ብሎክ 7፦ እኔ ጋ አለ። ነገ ጠዋት ከልጄ ጋር እንለካዋለን። በዚያው ኳሷንም ከጥበቃው እጠይቃለሁ።